ሙዚቃ የሌለበት ቀን

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ዛሬ ኃላፊው ስብሰባ ጠርቶ ሬዲዮ ጣቢያችን አንድ ቀን ሙሉ ሙዚቃ እንደማያሰማ ነገረን። የጣቢያው የምሥረታ በዓል ነው። ከጠዋቱ መክፈቻ እስከ ማታው መዝጊያ ንግግርና ድራማ ብቻ። "ሰው ሬዲዮ የሚከፍተው ለዘፈን ነው የሚሉንን እናሳያቸዋለን" አለ። ማን እንደሚለን ግን አልነገረንም። የሙዚቃ ክፍል ሰዎች ፊታቸውን ጥለው ወጡ። እኛ የድራማ ክፍሎች ደግሞ ደስታችን እንዳይታወቅብን ስለ ሥራ ብዛት አማረርን። የቀኑን መርሐ ግብር የማወጣው እኔ ነኝ። ማሳረጊያው የአንድ ሰዓት ተውኔት ነው፤ በቀጥታ ስርጭት፣ ዋና ተዋናይት ባለቤቴ። ይሄን ያለው ኃላፊው ራሱ ነው፤ እኔ አላነሳሁም።

ከሰዓት በኋላ የሐሙሱን ተከታታይ ድራማ ቀረጽን። ባለቤቴ አዋላጇን መጫወት ከጀመረች ዘመን የለውም። አድማጭ በስሟ አያውቃትም፤ ሱቅ ስትገባ "አዋላጇ መጣች" ነው የሚባለው። ዛሬ ከሁለተኛው ትዕይንት በኋላ ድምፅዋ ደፈን ያለ መሰለኝ። የማይኩ ጥፋት ነው። ቴክኒሻኑ ቀየረው። አሁንም ደፈን አለ። እንግዲያው ግድግዳው እርጥበት ይዟል ማለት ነው፤ ዝናቡ ገብቷል።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

ቅንብር ላይ ዋልኩ። ጠዋት በልምምድ ጊዜ የተቀዱትን ጥርት ያሉ ዓረፍተ ነገሮች እያመጣሁ ከሰዓት በኋላ በተቀዱት ምትክ አስገባሁ። ማንም አዘጋጅ የሚያደርገው ነው። እኔ ስቆርጥ ትንፋሽ እንኳን ቦታውን አይስትም፤ ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም፣ ለጉራም ቢሆን ማን ያነበዋል።

ቴክኒሻኑ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ዋለ። ዝምተኛው እንለዋለን፤ ስሙን ያወጡለት የዜና ክፍል ወሬኞች ናቸው። አንዴ ብቻ "ይሄኛውንም ልንቀይረው ነው?" አለ። አዎ አልኩት።

ሰኔ 6፣ ሐሙስ

ድራማው ተላለፈ። እቤት አብረን ሰማን። "ቆንጆ ሆኖ ወጥቷል" አለች ባለቤቴ። ቆይታ ደግሞ "እኔ ግን እንዲህ አድርጌ ያልኩት አይመስለኝም።"

ድካም ነው የሚያስረሳሽ አልኳት።

ሰኔ 12፣ ረቡዕ

ልጃችን ከምትኖርበት ከተማ ደወለች። "አባዬ፣ እማዬ ደህና ናት? ትናንት ማታ ስናወራ አፏ ይያያዝ ነበር።"

"መስመሩ ነው።"

"አንተ ጋ ሲደርስ የሚስተካከል ምን ዓይነት መስመር ነው?"

እናቷን ነው የመሰለችው፤ መልስ አታጣም። ቀልዳ ዘጋችው። እኔም ሳቅኩ።

ሰኔ 15፣ ቅዳሜ

እራት ላይ ውሃ ትን አላት። ብዙ ሳለች። ስለምትቸኩል ነው፤ ከተጋባን ጀምሮ ስትጠጣ ትቸኩላለች። ብርጭቆውን ካስቀመጠች በኋላ ቁልቁል ስታየው ቆየች። የግራ ዓይኗ ሽፋን ከበድ ብሎ ወርዷል። በጊዜ ተኚ አልኳት፣ ተኛች።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

ሐኪም ቤት ሄድን። የሄድነው እሷ ስለፈለገች ነው። ተራ ስንጠብቅ አንድ ቃል ሳትናገር ቁጭ ብላ አረፈደች። ሐኪሙ ገና በር ላይ ሲያያት "አዋላጇ" ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። ጉሮሮዋን አየ፣ ምላሷን አስወጣት፣ እጇን አስጨበጣት፣ አናገራት። ጥርት አድርጋ መለሰችለት። እቤት እንደዚያ ብትናገር ኖሮ መች እንመጣ ነበር።

"ማታ ማታ ምላሴ እንጨት ይሆንብኛል" አለችው።

"እውነቱን ልንገርዎት፤ ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ነርቭ ምርመራ እልከው ነበር" አለ ሐኪሙ። "ግን እኔ ሐሙስ ሐሙስ አልቀርም። ያን ረጅም ንግግርዎን ባለፈው ከዳር እስከ ዳር ሰምቻለሁ። አንዲት ፊደል አልተነካችም። የነርቭ ችግር ደግሞ ሐሙስን መርጦ አይተውም። ድካም ነው፣ ትንሽ ሐሳብም ይኖራል። ይረፉ።"

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጉሮሮ ሥዕል እያየሁ ነበር። ያን ረጅም ንግግር የሰበሰብኩት ከአራት ቦታ ነው። ግን ስለ ቅንብር አድማጭ ፊት አይወራም፤ የሙያችን ደንብ ነው። ሐኪሙም አድማጭ ነው።

መንገድ ላይ "እፎይ አልሽ?" አልኳት።

"አንተስ?"

እኔማ መጀመሪያም አልጨነቀኝ አልኳት።

ሰኔ 20፣ ሐሙስ

ኮሪደር ላይ ሁለት ሰዎች ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ያወራሉ። "አዋላጇ ቀማምሳ ነው አሉ የምትመጣው።" "በዚህ ዕድሜዋ?" "ንግግሯን አልሰማህም?" አጠገባቸው ስደርስ ሰላም አሉኝ። ሰላም አልኳቸው። ሚስቴ ከሻይ ሌላ የምትቀምሰው የላትም። አሁን እሱንም ትታዋለች፣ ትን ስለሚላት።

የዛሬው ድራማ ከወትሮው ሁሉ ጥርት ብሎ ወጣ። ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

ሰኔ 25፣ ማክሰኞ

የበዓሉ መርሐ ግብር ቅርጽ እየያዘ ነው። ጠዋት የልጆች ተረት። ከዚያ አንድ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ስለ ድልድዮች ይናገራል፤ የሚናገረውን እንዲያሳጥር ብጠይቀው "የትኛውን ድልድይ ላፍርስ?" ብሎኛል። ሁለት አስተማሪዎች ልጅን መቅጣት ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል በሚል ይከራከራሉ። ሁለቱም የመጨረሻው ቃል የእነሱ እንዲሆን በየግላቸው ለምነውኛል፤ ለሁለቱም እሺ ብያለሁ። ከሰዓት በኋላ የፍርድ ቤት ድራማ፣ ከልብ ወለድ ምንባብ፣ አድማጮች በስልክ። ዜና አንባቢያችን የራሱን ግጥም ሊያነብ ይፈልጋል። ምሳ ሰዓት ላይ አደረግሁት፤ ያኔ ሰው ሲበላ ብዙም አይከፋውም።

ማታ ተውኔቱ። ታሪኩ የአንዲት የስልክ ማዞሪያ ቤት ኦፕሬተር ነው፤ ቤቱ በማሽን ሊተካ አንድ ፈረቃ የቀራት ሴት ሌሊቱን ሙሉ ሰውን ከሰው ታገናኛለች። ሌሎቹ ተዋናዮች ደዋዮች ናቸው፤ ብቅ ይሉና ይጠፋሉ። እሷ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አታርፍም። የመረጥኩት በጥር ወር ነው። ያኔ ለእሷ የተጻፈ መስሎኝ ነበር።

ሐምሌ 1፣ ሰኞ

ተውኔቱን ሳናቋርጥ ተለማመድን። መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ስትሠራ ካየኋት ቆይቷል። የማዞሪያ ቤቱን ቅዝቃዜ በድምፅዋ ብቻ አመጣችው። ከግማሽ በኋላ የቃላቱ ጫፍ መሟሟት ጀመረ። "መስመር ላይ ይቆዩ" የሚለውን ስትደጋግም ስትደጋግም በመጨረሻ ከንፈሯ አልገጥም አላት። ተዋናዮቹ ወረቀታቸውን ያያሉ። ሻይ እንጠጣ አልኩ። ከዕረፍት ስንመለስ ጥርት ብላ ቀጠለች።

ስለዚህ የዕረፍት ጉዳይ ነው። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ልምምድ ነው እያልን በየቀኑ ጠዋት ቁራጭ ቁራጭ እቀዳለሁ፣ እገጣጥማለሁ፣ በዕለቱ በቀጥታ ስርጭት ስም ይለቀቃል። ማንም አያውቅም። ለመጠባበቂያ ነው።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

ቀረጻ። ቅንብር። ምሳ አልበላሁም። ዝምተኛው ዛሬ ከወትሮው በላይ ተናገረ፦ "ጋሼ፣ እትዬ መታመማቸውን ለሐኪም ነግረዋል?"

ታይታለች፣ ምንም የለባትም አልኩት። እሺ አለና ወደ ሥራው ዞረ።

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

ቅንብር ክፍል መጣችብኝ። ሳታንኳኳ ገባች፣ ማዳመጫውን ከጆሮዬ ላይ አውልቃ አደረገችው፣ ቆማ ሰማች። ዝምተኛው ውሃ ሊጠጣ ወጣ።

"ይቺ ሴትዮ ጤነኛ ናት" አለች።

"አንቺ ነሽ እኮ።"

"እኔስ አይደለሁም። ይሄን ንግግር መጨረስ አቅቶኝ ትናንት ቁጭ ብያለሁ። ከየት አመጣኸው?"

"ከማክሰኞ ጠዋት።"

"ይሄንንስ?"

"ከረቡዕ።"

ሲመሽ እንደምትሆነው ቃላቱን አንድ በአንድ እያነሳች ነበር የምትናገረው። "ሐኪሙ ሐሙስ ሐሙስ የሚሰማትም ይቺው ናት?"

ማሽኑን አጠፋሁ። መጥፋት ነበረበት፣ ግሎ ነበር።

"ስንት ጊዜ ምላሴ እያልኩ ነገርኩህ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልክ። በጆሮህ እንጀራ የምትበላ ሰውዬ።"

"ለአንቺ ብዬ..."

"ለእኔ ብለህ እንደሆነ አውቃለሁ። ተወው አሁን። በቀጥታ ነው የምሠራው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ለሐኪሙ ደውዬ እንዲሰማ ነግሬዋለሁ። አንድም ቃል እንዳያመልጥዎ ብዬዋለሁ።"

"ሰው ይስቅብሻል። ጠጥታ ነው ይልሻል።"

"ይበል። እያለም ይስማ።"

ሐምሌ 7፣ እሑድ

አልተነጋገርንም። ተኮራርፈን ግን አይደለም። እሷ ድምፅዋን እያሳረፈች ነው። ሾርባ ሠራሁ፣ ቀጠን አድርጌ።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

ስትተኛ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ፈርቻለሁ። ይኸው ጻፍኩት፣ ነገ ባልጻፍኩት እላለሁ።

ሐምሌ 12፣ ዓርብ

ገጣጥሜ የጨረስኩትን ተውኔት ትዕይንት በትዕይንት ከፍዬ ሁለተኛው ማሽን ላይ ጫንኩት። ከየትኛውም ትዕይንት መግባት ይቻላል። ለዝምተኛው ምልክቱን ነገርኩት፤ እኔው ራሴ የማሽኑን ድምፅ የሚለቀውን እጀታ ስገፋ፣ እሱ የስቱዲዮውን ማይክ ይዘጋል። "እትዬ ያውቃሉ?" አለ። መብራት ቢጠፋ ነው፣ ወይ ሌላ ነገር ቢፈጠር አልኩት። መብራት ቢጠፋ ሁለተኛውም ማሽን እንደሚጠፋ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሐምሌ 13፣ ቅዳሜ

ቀኑ አለፈ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ተረቱ ሳያልቅ ስልኩ መጮህ ጀመረ። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ "ማን ሞቶ ነው?" ሬዲዮ ዘፈን ሲያቆም ሰው ሌላ ምን ያስባል። እኛ ስንት ሳምንት ተሰብስበን ይሄን ያሰበ አንድ ሰው አልነበረም። መሐንዲሱ ስለ ድልድይ መሠረት በረጋ ድምፅ ሲናገርማ ነገሩ ባሰ፤ አንዷ ሴትዮ "የሚናገሩት ሟቹን ያውቋቸዋል?" ብላ ጠየቀች። ኃላፊው ላብ በላብ ሆኖ መጣና አስተዋዋቂዋን "ማንም እንዳልሞተ ተናገሪ" አላት። ተናገረች። ከዚያ በኋላ የሚደውለው እጥፍ ሆነ። "ማንም ካልሞተ ማንም አልሞተም ማለት ለምን አስፈለገ?" ይላሉ። ትክክል ናቸው።

አስተማሪዎቹ ተከራከሩ። የመጨረሻው ቃል የኔ ነው፣ የኔ ነው ሲባባሉ ሰዓቱ አለቀ፤ የመጨረሻው ቃል የአስተዋዋቂዋ ሆነ። ግጥሙ ምሳ ሰዓት ላይ አለፈ፣ የተጎዳ የለም። የፍርድ ቤቱ ድራማ ጥሩ ነበር። ዘፈን ባይኖርም ሰው ሬዲዮውን አልዘጋውም፤ ይህን ለኃላፊው ነገርኩት፣ ራሱ ያወቀው መስሎት ደስ አለው።

ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ እቤት አርፋ ሲመሽ መጣች። ፀጉሯን ተሠርታለች። ለሬዲዮ ፀጉር መሠራት ምን እንደሚያደርግ ልጠይቃት አሰብኩና ተውኩት። ስቱዲዮ ገብታ ወረቀቷን አስተካከለች፣ በመስታወቱ በኩል አየችኝ። መብራቱ ቀይ ሆነ።

መጀመሪያ ላይ ስለ ሥራ ብቻ ነበር የማስበው። ደዋዮቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ እሷ "መስመር ላይ ይቆዩ" ትላለች፣ እንደ ሰዉ ዓይነት እየለዋወጠች፣ ለአንዱ በትዕግሥት፣ ለአንዱ በንቀት፣ ለአንዱ እየሳቀች። ሁለተኛው ማሽን ከጎኔ ተዘጋጅቶ ቆሟል። ግማሽ ላይ ስንደርስ ጀመረ። "ሰ" ለሰለሰ። "መ" አልዘጋ አለ። ድምፅዋ በአፍንጫዋ ይወጣል። የግራ ዓይኗ ተሸፈነ፣ ወረቀቱን ወደ ቀኝ ዓይኗ አስጠጋችው። እጄን እጀታው ላይ አደረግሁ። አቧራ ነበረበት፣ እሱን ልጠርግ ነው። ዝምተኛው የኔን እጅ ያያል። እሷም አየችው። ከወረቀቱ ላይ ቀና ብላ፣ ንግግሯን ሳታቋርጥ፣ ጭንቅላቷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

እጄን አነሳሁ። ጭኔ ላይ አደረግሁት።

የመጨረሻውን ረጅም ንግግር አገጯን በመዳፏ ደግፋ ነው የተናገረችው። መንጋጋዋ አልያዝ ብሏት ነበር። አንዳንዱ ቃል ትንፋሽ ብቻ ነው። እኔ ያንን ንግግር ቃል በቃል አውቀዋለሁ፤ የማያውቀው ሰው ከሦስት አንዱን ሳይሰማ ይቀራል። ግን አንድም አልዘለለችም። ጨረሰች፣ ወረቀቱን አስቀመጠች፣ ቀዩ መብራት ጠፋ።

ኃላፊው ሮጦ መጣ። ዓይኑ እንባ አዝሏል። "ጋሼ፣ ያቺ የመጨረሻ ፈረቃ ድካም! እንዴት አድርገው አመጡት? እንዲህ ያለ ትወና ሰምቼ አላውቅም።"

ጥሩ ተዋናይት ናት አልኩት።

ዝምተኛው የስልኩን እጀታ ዘረጋልኝ። ሐኪሙ ነው። ሰላምታም አልሰጠኝ፤ "አንድ ነገር ልጠይቅዎት። መጨረሻ ላይ የሰማሁት ትወና ነው?"

ክፍሉ ውስጥ ጫጫታ ነበር። ሁሉም እሷን እያቀፈ ያመሰግናታል። አዎ ብል ያምነኝ ነበር። ኃላፊው አምኗል።

"አይደለም" አልኩ።

"ሐሙስ ሐሙስ የምሰማውስ?"

"እሱ ቅንብር ነው።"

"አሁን ጠጣር ነገር እንዳትበላ። ነገ ጠዋት ተረኛ ነኝ፣ ይዘዋት ይምጡ። ሌሊት ትንፋሽ ካጠራት ግን ጠዋትን አይጠብቁ።"

ሐምሌ 14፣ እሑድ

ሐኪሙ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድትቆጥር አዘዛት። ቆጠረች። መጀመሪያ ደህና፣ ከዚያ እየሟሟ፣ ከዚያ የማይሰማ። አላስቆማትም፤ እኔ በነበርኩበት ቦታ ሆኖ የማይቆርጥ ሰው ማየት እንግዳ ነገር ነው። ከዚያ መርፌ ወጋት፣ ጥቂት ቆየንና እንደገና አስቆጠራት። የዓይኗ ሽፋን ተነሣ። ድምፅዋ መጣ። እኔ ከአራት ቦታ የምሰበስበው ድምፅ በአንድ ትንፋሽ ወጣ። ወንበሬን ያዝኩ።

ሕመሙ ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚሄደው ትእዛዝ የሚደክምበት ነው አለን። ሲናገሩ ይደክማል፣ ሲያርፉ ይመለሳል። ፈጽሞ ባይለቅም በመድኃኒት ይያዛል። ወደ መተንፈሻ ከደረሰ ግን ይገድላል፤ ሩቅም አልነበረም።

"ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ" አለ፣ እየጻፈ።

"መጥተን ነበር እኮ" አለችው ባለቤቴ።

መጻፉን አቆመ። እሷ እኔን አላየችኝም፣ ቦርሳዋን ነው ያየችው።

"መቼ ነው የጀመረዎት?" አለ በመጨረሻ።

"እሱን ይጠይቁት። የሚሰማው እሱ ነው።"

"ሰኔ መጀመሪያ ላይ" አልኩ። ይኼው ደብተርም እንደዚያ ነው የሚለው። ሐኪሙ ጻፈ። እሱ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ "ከዚያ በፊት ነው" አልኩ። "በሚያዝያ። አልተሳሳትኩም፤ በሚያዝያ ነው የሰማሁት።"

ባለቤቴ ዞራ አየችኝ። "እኔ ግንቦት መስሎኝ ነበር" አለች።

ሐምሌ 27፣ ቅዳሜ

አዋላጇ ለጊዜው ወደ ገጠር ተልካለች፤ በድራማው ማለቴ ነው። አድማጭ ይጮሃል፣ ኃላፊው ይለምናል። ስትድን አልኩት። መባል የነበረበትን ቃል አልኩት፣ "ታማለች"። ኮሪደር ላይ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ዛሬ ፊት ለፊት አግኝተውኝ እግዚአብሔር ይማራት አሉ። አሜን አልኩ።

መድኃኒቱ ይሠራል፣ ይለቃል፣ መጠኑ ገና አልተስተካከለም። ሐኪሙ አንድ ሥራ ሰጥቶኛል፤ በየሳምንቱ ሲመሽ፣ መድኃኒቱ ሊለቅ ሲል፣ ድምፅዋን ቀድቼ እንዳመጣለት። "እንዳለ" አለኝ፣ ጣቱን ቀስሮ።

ዛሬ የመጀመሪያውን ቀዳን። እቤት፣ ምግብ ጠረጴዛው ላይ። የሚነበብ ስናጣ የመድኃኒቱን መመሪያ አንሥታ አነበበች። መጀመሪያ ጥርት ብላ፣ ወደ ታች ስትወርድ ቃላቱ እየተሸራረፉ። "በድንገት የድምፅ መለወጥ ካጋጠምዎ" የሚለው ጋ ስትደርስ ምላሷ እምቢ አላት። ሦስት ጊዜ ሞከረች። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ መንጋጋዋን በእጇ ይዛ፣ ድምፅ እስኪያጥራት ድረስ ሳቀች፣ እኔንም አሳቀችኝ። እስክትጨርስ ጠብቄ ማሽኑን ዘጋሁ።

መልሼ ሰማሁት። ሲደክማት ይሰማል፣ ሲያቅታት ይሰማል፣ የኔም ሳቅ ገብቶበታል። የኔን አውጥቼ ልሰጠው አሰብኩ፣ ሐኪሙ ምን ያደርግለታል። ተውኩት።